በማያሚ በኩል

«አጥፊው» አለች አስካል።

«ማሚ፣ የቱን?»

«ስሙን። የአገሩን ስም። ሌላው ሁሉ ይቆይ፣ እሱን ብቻ ዲሊት አድርጊው።»

ምሥጋና ከላፕቶፑ ቀና ብላ እናቷን አየቻት። ለዕረፍት ከመጣች ገና ሳምንት አልሞላትም። ዛሬ እሑድ ነው፤ ቸርቹ ከአምልኮ በኋላ የጤና ቀን ስላዘጋጀ፣ የሕክምና ተማሪዋ ምሥጋና እንድታስተምር ተጋብዛለች። ስክሪኑ ላይ በትልልቅ ፊደል «ስኳርና ደም ግፊት፦ ከግሬናዳ ምን እንማራለን?» ይላል። አማርኛውን ራሷ ነች የጻፈችው፤ እዚህ ቬጋስ ላደገ ልጅ ቀላል አይደለም፣ ስትለፋበት ነው ያደረችው።

«ግሬናዳን ካጠፋሁት ከማን ልንማር ነው?»

«ከአንድ አገር በይው።»

«ሜክ ሴንስ አያደርግም፣ ማሚ። ዴታው የነሱ ነው። በሽተኞቹ የነሱ ናቸው። እኔ የምሠራበት ክሊኒክ የነሱ ነው። ስማቸውን ቆርጬ ቁጥራቸውን ብቻ ልውሰድ?»

«በሞቴ።»

በሞቴ ከተባለ በኋላ ምን ይባላል? ልጅቷ አንድ ቁልፍ ደጋግማ ተጫነች። ፊደሎቹ አንድ በአንድ ጠፉ። አስካል ደስ ይለኛል ብላ ነበር። አላላትም፤ የሰው ዕቃ ስታነሳ የታየች ይመስል ፊቷ ጋለ። እሱን እንዳያዩባት ወደ ጓዳ ገብታ የታጠበ ብርጭቆ እንደገና አጠበች።

ነገሩ የተጀመረው ቸርቹ ፓርኪንግ ላይ ነው። ምሥጋና ኮሌጅ ጨርሳ ሁለት ዓመት በተከታታይ ለሕክምና ትምህርት አመለከተች፤ አሜሪካ ያሉት ሁሉ «አዝናለን» ብለው መለሱላት። በመጨረሻ የተቀበላት ካሪቢያን ባሕር ላይ ያለች፣ አስካል ስሟን ሰምታ የማታውቃት ትንሽ አገር ነች። በዚያው ክረምት እዚያው ቸርች አብራት የምታመልከው የጸዳለ ልጅ ፋኑኤል ካሊፎርኒያ ሜዲካል ስኩል ገባ። ጸዳለ መኪናዋን ፓርክ አድርጋ እንኳ ሳትጨርስ በመስኮት አንገቷን አውጥታ፣ «አስኩዬ፣ የናንተዋስ? የት ደረሰላት?» አለቻት።

እንግዲህ አውሮፕላኑ የሚያልፈው በማያሚ በኩል ነው። አስካልም «ወደ ማያሚ ልትሄድ ነው» አለች። ውሸት ነው? ትኬቱ ላይ ማያሚ የሚል አለ። ጸዳለ «እልልል! ማያሚ ሜዲካል ስኩል!» ብላ ከመኪናው ወርዳ አቀፈቻት፤ አስካልም ታቀፈች። በቃ፣ ይኸው ነው። በሚቀጥለው እሑድ ፓስተር ሶፎንያስ ከመድረክ ላይ ማያሚ ብለው ጸለዩላት፤ ከመድረክ የተጸለየበትን ነገር ደግሞ ማን ደፍሮ ይመልሰዋል?

አንድ ጊዜ ልትመልሰው አስባ ነበር። የሴቶች ጸሎት ላይ፣ እነ ጸዳለ ስለ አንድ ሰው ልጅ እያወሩ ደረሰች። «ካሪቢያን ነው አሉ የሚማረው» አለች ጸዳለ፣ ከንፈሯን መጠጥ አድርጋ። «አሜሪካ እንቢ ሲላቸው የሚሄዱበት እኮ ነው። ዶክተር ሆኖ ቢመጣ ውሻዬን አሳየዋለሁ እንዴ?» ሴቶቹ ሳቁ። አስካልም ሳቀች። ያ ሳቅ ቤቷ ድረስ ተከትሏት መጣ፤ ዛሬም ትዝ ሲላት ብቻዋን ሽምቅቅ ትላለች።

ደግሞ የሚገርመው ያቺን ደሴት ከእሷ በላይ የሚያውቃት ሰው ቬጋስ ውስጥ የለም። አስካል የምትሠራው ስትሪፕ በሚባለው ጎዳና ላይ ካለ አንድ ካዚኖ ምድር ቤት፣ ሠራተኞች በሚበሉበት አዳራሽ ነው፤ ሾርባና ሩዝ ታቀርባለች። ብሬክ ሲደርሳት ሰው ወደሌለበት ጥግ ሄዳ ስልኳ ላይ ግሬናዳ ብላ ትጽፋለች። ሕዝቧ ስንት ነው? መቶ ሺህ አለፍ ያለ። በምን ይተዳደራሉ? በቱሪስት፣ ገውዝ በሚባለው ቅመም፣ ውጭ ያለ ዘመድ በሚልከው። እዚህ ላይ ፈገግ ብላለች፣ የእኛው ናቸው ብላ። ሰው ስንት ዓመት ይኖራል? ሰባ አምስት አካባቢ። ኢትዮጵያን ብታይ ወደ ሰባም አልደረሰች። «ታዲያ ምኑ ነው የሚያሳፍረኝ?» ብላ ራሷን ጠይቃለች። ወዲያው አንዲት ያገሯ ልጅ ሰሃን ይዛ ስትመጣ ስልኩን ኪሷ ከተተችው።

ከሁሉ የከፋው ግን ምስክርነቱ ነው።

ግሬናዳን አውሎ ነፋስ የመታት ጊዜ ከምሥጋና ጋር መገናኘት አልተቻለም ነበር። ቀን አለፈ፣ ስልኩ ዝም። አስካል የሠራተኞቹ አዳራሽ ዕቃ ቤት ገብታ፣ በዘይት ካርቶኖች መካከል ተንበርክካ፣ «ልጄን ድምጿን ብቻ አሰማኝና በሕዝብህ ፊት ቆሜ እመሰክራለሁ» አለች። በማግስቱ ልጅቷ ደወለች። ያከራየቻት ሴትዮ፣ ሚስ ዳፍኒ፣ ጣሪያው ሲነሳ ሻወር ቤት ውስጥ ከታት፣ ፍራሽ ከላይዋ አድርጋ፣ በፍራሹ ላይ ደግሞ ራሷ ተኝታበት ነው ያሳደረቻት። አስካል ስልኩን ይዛ አለቀሰች፣ ሳቀች፣ የማታውቃትን ሴትዮ እግር በሐሳቧ ሳመች።

እሑድ መጣ። ፓስተሩ እንደ ወትሮው «ምስክርነት ያለው?» አሉ። ምን ትበል? በዚያ ሳምንት ማያሚ ፀሐይ ነበር። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀረች። ይኸው ዓመት አለፈው፤ «ምስክርነት ያለው?» በተባለ ቁጥር ጫማዋን ታያለች። ለሰው የሰጠችውን ቃል ብትበላ አንድ ነገር ነው፤ ይሄ ግን ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው።

«እንሂድ፣ ረፈደ» አለ ጌቱ፣ የመኪናውን ቁልፍ እያሽከረከረ። ባሏ የኤርፖርት ሻትል ሹፌር ነው፤ እሑድ እንኳ ማርፈድ አይወድም። መንገድ ላይ ልጅቷ ከኋላ ጆሮዋ ላይ የሆነ ነገር ሰክታ መስኮቱን ታያለች። ጌቱ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አሁን ይቺን ልጅ ቸርች ውስጥ ልታስዋሺያት ነው?»

«ዝም በይ አልኳት እንጂ መቼ ዋሺ አልኳት?»

«ልዩነቱን እኔ አላውቀውም።»

«አንተስ ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም አላልክም?»

«ብያለሁ» አለ ጌቱ። «ለዚህ ነው የማላውቀው።»

አዳራሹ ሞልቷል። ጥግ ላይ ሁለት ነርሶች ግፊት እየለኩ ነው፤ ታክሲ ነጂዎቹ ቁጥራቸውን እየተነጋገሩ ይሳሳቃሉ። ጸዳለ ሽቶዋን ነስንሳ ከአስካል ፊት ለፊት ባለው ረድፍ ተቀመጠች። «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ዛሬ ያንቺ ቀን ነው» አለቻት ዞር ብላ፣ ጉንጯን ሳም አድርጋ። አስካል «ክብሩን ጌታ ይውሰድ» አለች።

ምሥጋና ጀመረች። መጀመሪያ ድምጿ ቀጭን ነበር፤ እየቆየ ሞቀላት።

«አንድ ትንሽ አገር አለች» አለች። «ሕዝቧ በሙሉ ተጠቅልሎ ቢመጣ ይሄን ሰፈራችንን፣ ስፕሪንግ ቫሊን፣ አይሞላም። እዚያ ሰው በምን የሚሞት ይመስላችኋል? በረሃብ አይደለም። በወባ አይደለም። ከአሥር ሰው ስምንቱ ያህል በልብ፣ በስኳር፣ በስትሮክ፣ በካንሰር ነው። ጨውና ስኳር ይበዛል፣ እንቅስቃሴ የለም፣ ሐኪም ቤት የሚኬደው ሲያም ብቻ ነው። የማን ታሪክ ነው ይሄ?»

«የኔ!» አለ አንድ ታክሲ ነጂ ከኋላ። ሳቅ ሆነ።

«አገሯ ትንሽ ስለሆነች ቁጥሯ ቶሎ ይዘላል» ቀጠለች። «በአንድ ዓመት አንዲት እናት በወሊድ ብትሞት ግራፉ ሰማይ ይነካል። ሩቅ ያለ ሰው ያንን አይቶ ‹ምን ዓይነት አገር ነው?› ይላል። እዚያ ያለው ሰው ግን ስሟን ያውቃል፤ ቀብሯ ላይ ነበረ። እኛ ክሊኒክ ያለችው ነርስ ኪኒኑን ያቋረጠ ሰው ካለ ሄዳ በሩን ታንኳኳለች። የእናቱንም ቁጣ ጨምራ ነው የምትቆጣው። እኛ እዚህ ሺፍት፣ ኦቨርታይም እያልን ጎረቤታችን ግፊት ይኑረው አይኑረው አናውቅም። እኔ ዶክተርነትን የተማርኩት ከእሷ ነው።»

አስካል ልጇን አየቻት። እንዲህ ስትናገር ሰምታት አታውቅም። የኮራችው ኩራት ደረቷ ላይ ሳይደርስ እፍረቱ መንገድ ላይ ያዘው፤ ስም የሌላት አገር፣ ስም የሌላት ነርስ፣ ይሄን ሁሉ ስም ያስጠፋችው እሷ ነች።

ጥያቄ ተባለ። የመጀመሪያዋ ጸዳለ ነች፤ ሌላማ ማን ይሆናል?

«ምሥጋናዬ፣ ጌታ ይባርክሽ፣ አኮራሽን። ግን ይቺ አገር የት ነች? በጣም አሳዘኑኝ። እኛ ልብስ ምናምን ሰብስበን ብንልክላቸውስ? ጃኬት፣ ብርድ ልብስ...»

«ልብስ አላቸው፣ አንቲ ጸዳለ» አለች ምሥጋና። «ብርድም የለም።» ጥቂት ሰው ሳቀ።

«እሺ፣ ስሟስ ማን ነው?»

ምሥጋና ሰው መካከል እናቷን ፈለገቻት፤ አገኘቻትም። አስካል እንደለመደችው ጫማዋን አየች።

ፓስተር ሶፎንያስ በደግነት ገቡበት። «ከማያሚ ቅርብ ስለሆነ ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎቹን ወደ እነዚህ ደሴቶች እየላከ ያስጠናል ማለት ነው። አይደል፣ ምሥጋና?»

ልጅቷ ማይኩን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረችው።

«አዎ፣ ፓስተር» አለች። «በማያሚ በኩል ነው የሚኬደው።»

አስካል ክው አለች። ቃሉ የራሷ ነው። አንድም ሳይቀየር፣ ፓርኪንግ ላይ ለጸዳለ ያለችውን ያህል ልዝብ ሆኖ፣ ከልጇ አፍ ወጣ። ያቺ ትንሽ ሳለች ከመደብር ማስቲካ ሳይከፈል ወጥቷል ብላ እያለቀሰች እናቷን ወደ መደብሩ ያስመለሰች ልጅ፣ ቸርች ውስጥ፣ ፓስተር ፊት፣ እውነት የሚመስል ውሸት ተናገረች። ሕዝቡ አጨበጨበ። ምሥጋና ግን ቀና አላለችም፤ አንገቷን ደፍታ ላፕቶፑን ትነካካለች። አስካል ያንን አንገት አወቀችው። ዓመት ሙሉ የራሷ ነበር።

ጉዴ ነው፣ አለች በሆዷ። እኔ ማፈሬ አይበቃም፣ ለልጄም አወረስኳት።

እጇን አነሳች። ስታነሳው አልታወቃትም፤ ያየችው ጌቱ ቦርሳዋን ከጭኗ ላይ አንስቶ ሲይዝላት ነው።

«እናት ደግሞ ጥያቄ አላት!» አሉ ፓስተሩ እየሳቁ። ማይኩ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ መጣ።

«ጥያቄ አይደለም፣ ፓስተር» አለች አስካል። ቆማለች። «ምስክርነት ነው። የቆየ።»

«እሰይ፣ በይ እህት አስካል፣ ክብር ለጌታ!»

«ጌታ ይመስገን» አለች እንደ ደንቡ።

«አሜን!» አለ ሕዝቡ።

«ልጄ የምትማረው ማያሚ አይደለም። ማያሚ አውሮፕላን ነው የምትቀይረው። የምትማረው ግሬናዳ ነው፤ ካሪቢያን።»

አሜን ያለ የለም። ግፊት የሚለካው መሣሪያ ጥግ ላይ ሲተነፍስ ተሰማ። ጸዳለ ወንበሯ ላይ ቀስ ብላ ዞረች፤ አፏ በትንሹ ተከፍቷል። አስካል ፊቷ እሳት ሆነ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት፤ ቁጭ ልበል ይሆን ብላም አሰበች። ከመድረኩ በኩል ምሥጋና ቀና ብላ እያየቻት ነው። ከኋላዋ ባለው ትልቁ ስክሪን ላይ የመጀመሪያው ገጽ ተመልሶ መጥቷል፤ በባዶው ቦታ ፊደሎቹ አንድ በአንድ እየገቡ ነው።

አስካል እፍረቱ ይለቀኛል ብላ ጠበቀች። አልለቀቃትም። ማይኩን በሁለት እጇ ያዘችው።

«እዚያ» አለች፣ «ሚስ ዳፍኒ የምትባል ሴት አለች።»