የአባባ ማሽላ

አባቴ ጣሃ ከወሎ ሲመጣ የያዘው ቅያሪ ልብስና በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ብቻ ነበር። በጦርነቱ ምክንያት መሬቱ ሁለት ዓመት ጦሙን አድሯል። የካ አባዶ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ካለችው ቤቴ ከገባ ሁለት ወሩ ነው፤ ያቀረብኩለትን ሁሉ ቀመስ አድርጎ “ጠገብኩ” ይላል። ምን በልቶ ነው የሚጠግበው? እናደዳለሁ። እኔ ደግሞ ስናደድ አበስላለሁ።

እሁድ ዕለት ከኤርፖርት የጽዳት ሥራዬ ዕረፍት ነበርኩ። አባቴ ለዙህር ሶላት መስጊድ ሲሄድ አልጋውን ላነጥፍ ገብቼ ቋጠሮውን ከትራሱ ሥር አገኘሁት። ፈታሁት፤ ቀይ ማሽላ። ያገሩ እህል አምሮት ሊያስቸግረኝ አፍሮ ነው ብዬ ሁሉንም ንፍሮ ቀቀልኩለት።

ሲመለስ ሳህኑን አየ። መኝታ ቤት ገብቶ ወጣ።

“ሁሉንም ነው ሀጀር?”

“ሁሉንም።”

“ዘር እኮ ነው” አለ ቀስ ብሎ። “ዝናብ ቢያጥርም ቶሎ የሚደርሰው። ይዤው አገሬ ልገባ ነበር። እናትሽ፣ አላህ ይዘንላት፣ የምንቀምሰው ባጣንበት ቀን እንኳ አላስነካችኝም።”

የምገባበት ጠፋኝ። ግን እውነቱን ልናገር፤ ከእፍረቴ ጋር ደስታም ነበረበት። ዘር ከሌለ አባቴ ወደዚያ ተኩሱ ገና ወዳልበረደበት አገር አይመለስም።

ንፍሮውን አልነካውም። ከድኜ አስቀመጥኩት።

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ግን አላስችል አለኝ። ኢምፔሪያል ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ አገር ቤት ላለችው ጎረቤታችን ለእትዬ ሐቢባ ደወልኩ። የዚያ ማሽላ ዘር የሚሸጥ ይኖር እንደሆነ ጠየቅኳት።

“ምን በወጣሽ ትገዢያለሽ! አባትሽ ሲወጣ ከዘሩ አንድ ጣሳ ሰጥቶኝ የለ? ቀብሬ አስቀምጬዋለሁ።”

“ልጆቹን ይዘሽ? ሳትበሉት?”

“የእርዳታው ስንዴ ሲመጣ እንበላለን፤ ሲቀር አባብዬ አስተኛቸዋለሁ። እሱን ከበላንማ ለከርሞ ምን ልንሆን ነው ሀጁዬ?”

አልነግረውም አልኩ። ዝም ካልኩ አባቴ ይቀርልኛል። መገናኛ ታክሲ ስቀይርም አልነግረውም እያልኩ ነበር።

ቤት ስገባ መስኮቱ ጋ ቁጭ ብሎ ደመናውን ያያል። ዓይኑን ሳየው አቃተኝ።

“አባባ፣ እትዬ ሐቢባ ያንን ዘር አልበላችውም። አንድ ጣሳው እንዳለ አለ።”

“አምስት ልጅ ይዛ?” አለና በኩታው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ፣ “እስቲ ያን ንፍሮ አምጪው።”

“የትናንት ነው፤ ሌላ ልሥራልህ።”

“አምጪው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያምረኝ ነው የኖረ።”

ቢስሚላህ ብሎ ጀመረ። እንዲህ እያጣጣመ ሲበላ አይቼው አላውቅም።

“ወደ ወሎ የሐሙስ መኪና ይኖራል?” አለኝ ንፍሮው አፉ ውስጥ እንዳለ።

“ይኖራል አባባ” አልኩና እጄን ሰድጄ አብሬው በላሁ።