መብራቱን ማን ያጠፋዋል?

ሰፈሩ «ዶክተር» ነው የሚለው። ሕክምና ግን አልተማረም፤ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። ቅጽል ስሙን ያገኘው የተበላሸ ፍሪጅ ሲመጣለት ገና ካቻቢቴ ሳያነሣ ጆሮውን ከፍሪጁ ጀርባ ለጥፎ፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ ደቂቃዎች ሙሉ ስለሚያዳምጥ ነው። «ምን አለህ? የት ጋ ነው ያመመው?» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱ ቀልድ አያውቅበትም። ዕድሜው ሃምሳን ተሻግሯል፤ አላገባም፣ አልወለደም፤ ከሥራ ቤቱ በስተጀርባ ባለችው ክፍል ብቻውን ይኖራል። ሰው ሲያናግረው መልሱ አጭር ነው። ሕፃን ካናገረው ደግሞ ጭራሽ እጅ እግሩ ይተሳሰራል።

እንግዲህ ለዚህ ሰው ነው ታናሽ እህቱ ምጥ የያዛት ዕለት የአራት ዓመት ልጇን አደራ ያለችው።

ልጅቷን ሚጡ ይሏታል። በማለዳ አባቷ ከነብርድ ልብሷ አቅፎ አመጣትና፣ «ጋሼ፣ ሌላ ሰው አጣን። እናቷ እስክትገላገል ብቻ ነው» አለው። ዶክተር በር ላይ በቆመው ታክሲ መስኮት የእህቱን ፊት አየ። ፈገግ ልትልለት ሞከረችና አልሆነላትም፤ ከንፈሯን ነከሰች። «አደራህን» አለችው። ታክሲው ሄደ።

ሚጡ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለው ነበር፤ የሚያለቅስን ሰው ቢያንስ «አይዞህ» ይሉታል። እሷ ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯን አንጠልጥላ፣ አፏን ግጥም አድርጋ በሩን ብቻ ታያለች። ዳቦ ሰጣት፤ አልነካችውም። እንቁላል ጠበሰላት፤ ፊቷን አዞረች።

«ሻይ ላፍላልሽ?»

«ሽንት ቤት መሄድ ትፈልጊያለሽ?»

ዐይኗን ከበሩ አልነቀለችም።

ምን ይዋጠው! ደንበኛ ቢሆን «ኮምፕረሰሩ ተቃጥሏል፣ ሌላ ይግዙ» ብሎ ይገላገል ነበር። ደግሞስ የእሱ ልብ መቼ እዚህ አለና? እህቱ ሚጡን ስትወልድ ብዙ ደም ፈስሷት ለጥቂት ነው የተረፈችው። ስልኩን ከደረት ኪሱ እያወጣ ያያል፣ ይመልሰዋል፣ ደግሞ ያወጣዋል።

መላው ሲጠፋው ወተት ሊሰጣት ተነሣና ፍሪጁን ከፈተ። መብራቱ ቦግ አለ። የሚጡ አንገት ቀና አለ። የእነሱ ቤት ፍሪጅ አምፖሉ ከተቃጠለ ቆይቷል፤ ዛሬ ነገ እየተባለ እስካሁን አልተቀየረም። የፍሪጅ ጠጋኝ እህት መሆን ትርፉ ይኸው ነው። ወተቱን ቀድቶ ዘጋው። ዞር ሲል ሚጡ ከወንበሯ ተንሸራታ ወርዳ ፍሪጁ ፊት ቆማለች። በሁለት እጇ ጎትታ ከፈተችው። ቦግ። ዘጋችው። ከፈተችው። ቦግ።

«ቅዝቃዜው ይወጣል፣ ዝጊው» ሊላት አፉ ላይ ደርሶ ነበር፤ ለሰው ሁሉ የሚለው እሱኑ ነውና። ዋጠው።

«አጎቴ» አለች።

«አቤት!» አለ ደንግጦ፣ አለቃ የጠራው ይመስል።

«ሲዘጋ መብራቱ የት ይሄዳል?»

«የትም አይሄድም። ይጠፋል።»

«ማን ያጠፋዋል?»

«ራሱ ነዋ።»

«አይተኸዋል?»

ዶክተር ዕድሜ ልኩን ፍሪጅ ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው ነው። ነገር ግን በሩ ተዘግቶ፣ ውስጡ ጨልሞ፣ መብራቱ ሲጠፋ በዐይኑ አይቷል? «እንግዲህ... አላየሁም» አለ።

«ታዲያ በምን አወቅህ?»

በሩን ከፍቶ ጠርዙ ላይ ያለችውን ትንሽ ነጭ ቁልፍ አሳያት። በጣቱ ሲጫናት መብራቱ ጠፋ፤ ሲለቃት በራ። «ይኸው፣ በሩ ሲዘጋ ይችን ይጫናታል።»

ሚጡ ቁልፏን አየች፤ ጣቱን አየች። «አንተ ስለነካሃት ነዋ የጠፋው። በሩ ግን ጣት የለውም።»

ከበሩ በኩል ሳቅ ተሰማ። እትዬ መርፌ ናቸው፤ በአጥር የሚዋሰኑት ልብስ ሰፊ ጎረቤቱ። ጠዋት የታክሲ ድምፅ ሰምተው ኖሮ፣ የሥራ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንደጠመጠሙ ወሬ ለማየት መጥተዋል። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች የሚሉት ይኼን ጊዜ ነው» አሉ። «በል ዶክተር፣ መልስላታ!»

«እርስዎም ይፍረዱኝ እንጂ፤ ምን ብዬ ልመልስላት?»

«ይኼ ምን ያስቸግራል? ስልኬን እንካ፤ ከውስጥ ሆኖ ይቅረጽ።»

ስልኩን ቲማቲሙ አጠገብ አቁመው በሩን ዘጉ፤ ከፈቱ። ሦስቱም ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው ቪዲዮውን አዩ። ብርሃን፣ ድርግም፣ ደግሞ ብርሃን።

«ይኸው ጠፋ! አየሽ?» አለ ዶክተር እፎይ ብሎ።

ሚጡ ራሷን ነቀነቀች። «ስልኩ ነው ያየው። እኔ አላየሁም።»

እትዬ መርፌ እጃቸውን አጨበጨቡ። «ይቺስ ዳኛ ናት! የሰሚ ሰሚ አትቀበልም!»

«እኔ ልግባና ልየው» አለች ሚጡ፣ የታችኛውን መደርደሪያ ይዛ አንድ እግሯን እያነሣች።

«አይሆንም!»

ዶክተር ምን ያህል እንደጮኸ ያወቀው እትዬ መርፌ ደረታቸውን ሲይዙ ነው። የሚጡ ከንፈር ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ከጠዋት ጀምሮ የታፈነው ለቅሶ ገነፈለ፤ «እማዬን! እማዬን ነው የምፈልገው!» እያለች መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ዶክተር ምን እንደሚያደርግ ሳያስበው አጠገቧ ተንበረከከ። «ተቆጥቼሽ አይደለም» አላት። «ፈርቼ ነው።»

ለቅሶዋ መሀል ላይ ቆም አለች። «ትልቅ ሰው ይፈራል?»

«ይፈራል እንጂ። ነይ ላሳይሽ።» እጇን ይዞ ወደ ሥራ ቤቱ ወሰዳት። ከግድግዳው ጥግ ያረጁ ፍሪጆች ተደርድረዋል፤ አንዳቸውም በር የላቸውም። «እነዚህ የሞቱ ናቸው። የሞተ ፍሪጅ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማወልቀው በሩን ነው። ለምን መሰለሽ? ልጅ ሲጫወት ገብቶበት በሩ ቢዘጋ፣ ከውስጥ ሆኖ መክፈት አይችልም። አየርም የለውም። እኔ ይኼ ነገር ያስፈራኛል። አንቺም እንዳትገቢ፤ የማንም ቤት ፍሪጅ ውስጥ እንዳትገቢ። እሺ?»

«እሺ» አለች አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ግን ማየት እፈልጋለሁ» አለች።

አንዴ የያዘችውን ነገር አትለቅም፤ እናቷም በልጅነቷ እንደዚሁ ነበረች። ዶክተር ጺሙን እያሸ ቆመ። በር የሌላቸው ፍሪጆች አይሆኑም። ለጥገና የመጡት ሁለቱ በር ቢኖራቸውም የደንበኛ ናቸው። ቀስ ብሎ ዞረና በክፍት በሩ ውስጥ የራሱን ፍሪጅ አየው። አዲስ ነው። ሲያስበው ሲያስበው ኖሮ አምና ነው የገዛው፤ የመያዣው ላስቲክ እንኳ እስካሁን አልተላጠም።

መሰርሰሪያውን ከመሳቢያ አወጣ።

«አንተ! ምን ልታደርግ ነው?» አሉ እትዬ መርፌ።

«ልበሳው ነዋ።»

«ደህናውን ፍሪጅ? ለየልህ እንዴ?»

«ግድ የለም፤ በሩ ውስጥ የጋዝ ቧንቧ የለም። ስፖንጅ ብቻ ነው።»

«እኔ መች ስለ ቧንቧ ጠየቅሁህ!»

ሚጡን በሩ አጠገብ አቆማትና በዐይኗ ትክክል በጠመኔ ምልክት አደረገ። ሶኬቱን ነቀለና ልጅቷን ወደ እትዬ መርፌ ቀሚስ አስጠጋት። መሰርሰሪያው ጮኸ። ቆርቆሮው ጥቂት አስቸገረና ተበሳ፤ ከዚያ ስፖንጁ ብናኝ ሆኖ ይበተን ጀመር። ፀጉሩ፣ ቅንድቡ፣ ጺሙ ዱቄት የተነሰነሰበት መሰለ። ሚጡ ጆሮዎቿን ደፍና ቆይታ ሲዞር ፊቱን አየችና በሳቅ ፈነዳች። ዶክተር ዛሬ ካያቸው ነገሮች ሁሉ እንደዚያች ሳቅ ደስ ያሰኘው የለም። የቀዳዳውን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ሞረደው፤ ዐይኗን እንዳይቧጭራትም አጭር የላስቲክ ቱቦ አስገባበት። ሶኬቱን መለሰ። ወተቱን፣ ቲማቲሙን፣ እንቁላሉን ቀዳዳው ፊት ለፊት ደረደረ።

«ዐይንሽን ለጥፊ። እኔ በሩን ቀስ አድርጌ እዘጋዋለሁ፤ አንቺ አብረሽው ትራመጃለሽ።»

በሩን ይገፋል፤ እሷ ዐይኗን ከቀዳዳው ሳትነቅል በጎን በጎን ትራመዳለች። «ወተቱ መጣ... መጣ... ቲማቲሙም መጣ...» በሩ ገጠመ። ቀጭ።

ዶክተር የጠገነው ሞተር ይነሣል አይነሣም ብሎ እንደሚጠብቅ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ጠበቀ።

«ጠፋ!» ብላ ጮኸች። «አጎቴ፣ ጠፋ! ማንም ሳይነካው ጠፋ!» ባለችበት ትዘል ጀመር። «እንደገና!»

እንደገና አደረጉ። ደግሞም እንደገና። ስንት ጊዜ እንደሆነ የቆጠረ የለም። በመጨረሻ ቀና አለችና፣ «አሁን አንተ እይ» አለችው።

«እኔማ አውቀዋለሁ።»

«አላየሁም ብለሃል እኮ።»

እውነቷን ነው። ተንበርክኮ ዐይኑን ለጠፈ። በሩን ሚጡ ትገፋለች፤ እሱ ግዙፍ ሰውነቱን እየጎተተ በጉልበቱ ይከተላል። በቀዳዳው በኩል ወተቱና ቲማቲሙ ብርሃን ውስጥ ተቀምጠው፣ ከሩቅ የሚታይ ሰው ያለበት ቤት መሰሉት። ከዚያ ድርግም አለ። ይኼን እንደሚያይ ያውቅ ነበር፤ አምፖሉንም ቁልፉንም ሲቀይር የኖረ ሰው ነው፤ ግን ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር ዘለለ። «ኧረ!» አለ ሳያስበው።

«አየህ?» አለች ሚጡ፣ የፈለሰፈችው እሷ እንደሆነች ሁሉ ደረቷን ነፍታ።

እትዬ መርፌም አልቀረላቸውም። «ጉልበቴ ቢነቀል አንተው ትጠግነዋለህ» እያሉ ተንበረከኩ፤ ካዩ በኋላም አንዴ ይደገምልኝ አሉ። ቬንትሌተር ለማስጠገን የመጣ አንድ ጎልማሳ ሳይቀር ተራ ያዘ። ሚጡ በረኛ ሆና እያሳየች መሀል መሀሉን ወደ ጠረጴዛው ትሮጣለች፤ የቀዘቀዘውን እንቁላል በዳቦ ጠቅልላ ጨረሰችው፣ ወተቱንም ግጥም አደረገችው።

ስልኩ የጮኸው በዚህ መሀል ነው። ዶክተር የአማቹን ቁጥር ሲያይ ወደ ሥራ ቤቱ ወጣ አለና ጀርባውን ሰጥቶ አነሣው።

«ጋሼ» አለ የሚጡ አባት፤ ድምፁ ተሰነጣጥቋል። «ጋሼ... ተገላገለች። ወንድ ነው። በኦፕራሲዮን ነው፤ ግን ሁለቱም ደህና ናቸው። እሷም ደህና ናት። ትሰማኛለህ?»

ይሰማዋል። አንድ አሮጌ ኮምፕረሰር ላይ ተቀመጠ። እትዬ መርፌ ተከትለውት ወጥተው ፊቱን ሲያዩ ክው አሉ፤ ራሱን በአዎንታ ሲነቀንቅላቸው ግን «እሰይ! እሰይ!» ብለው በሜትራቸው ጫፍ ዐይናቸውን ጠረጉ።

ከሰዓት በኋላ ዶክተርና ሚጡ ሆስፒታል ሄዱ። ክፍሉ ውስጥ አራት አልጋዎች አሉ፤ እህቱ መስኮቱ አጠገብ ባለው ላይ ገርጥታ ተኝታለች። ሚጡ መንገዱን ሙሉ ስትለፈልፍ መጥታ እናቷን ስታይ አፈረች። ከአጎቷ እግር ኋላ ተደበቀች። እናቷ እጇን ስትዘረጋላት ነው ቀስ እያለች የተጠጋችው። አባቷ አንሥቶ አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጣትና የተጠቀለለውን ሕፃን ገልጦ አሳያት።

ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ይኼ ነው?» አለች። ቅር ብሏታል። «ጥርስ የለውም እኮ።»

አጠገብ ያለው አልጋ ላይ የተኛችው ሴት ቁስሏን ይዛ ሳቀች። ሚጡ ጣቷን ዘርግታ የሕፃኑን መዳፍ ነካ አደረገች፤ እንደ ሩዝ ፍሬ ያሉ ጥፍሮች ያሏት መዳፍ ጥብቅ ብላ ጣቷን ጨበጠች። ሚጡ ደርቃ ቀረች። ትንፋሿ እንኳ ቆመ።

«እማዬ» አለች በሹክሹክታ። «ያዘኝ።»

«አዎ፣ የኔ ቆንጆ።»

«እኔን ነው የያዘኝ?»

«አንቺን ነው።»

«አያውቀኝም እኮ!»

እናቷ ሳቅና እንባ ተደባልቆባት ፊቷን ወደ ትራሱ አዞረች። ሚጡ ጣቷን አላስለቀቀችም። ክንዷ ሲዝል በሌላኛው እጇ ደገፈችው እንጂ አላነሣችውም።

እህቱ ፊቷን ስትመልስ ዐይኗ ወንድሟ ላይ ዐረፈ። «ቅንድብህ ላይ ያለው ነጭ ምንድነው?»

«ሥራ ላይ ነበርን» አለ ዶክተር።

«ማንና ማን?»

«እኔና እሷ ነና።» ከዚያ በላይ አላብራራም፤ እህቱም ደክሟት ነበርና አልጠየቀችውም። እጁን ብቻ ይዛ ቆየች።

ዶክተር አቅፏት ሲወጡ ሚጡ ትከሻው ላይ ጭንቅላቷን ጣለች፤ የአውቶቡስ ፌርማታው ጋ ሳይደርሱ እንቅልፍ ይዟት ጭልጥ አለ። ሞቃት ትንፋሿ አንገቱ ላይ ይመጣል። አውቶቡሱ መጥቶ ቆመ። ረዳቱ፣ «ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ፣ ቦታ አለ!» ብሎ ጮኸ። ዶክተር ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም አሰኘውና በእጁ ሂድ አለው፤ ሲቀመጥ ትነቃብኛለች ብሎ ፈርቶ ነው። ቀጣዩ መጣ፤ እሱንም አሳለፈው። ከዚያ ብርድ ልብሷን ጀርባዋ ላይ አስተካከለላትና በጥላው በኩል ቀስ እያለ በእግሩ ወደ ቤቱ መንገድ ጀመረ።