አዳልጦዎት ነው የወደቁት

ካይፓን የማያውቅ የለም። በሐይቁ ዙሪያ ባሉ መንደሮች ሁሉ ጀግንነቱ ይዘፈናል፤ ዘፈኑን የማወጣለትም እኔው ነኝ። ጉራው ግን ከዘፈኔ ይብሳል። ትንሽ ዓሣ ከያዘ ጀልባዋ ልትሰምጥ ነበር ይላል።

የመንደራችንን ልጅ ሌምፒን አግቢኝ ሲላት፣ «አንዲት ቀን እውነት ስትናገር ከሰማሁ አገባሃለሁ» አለችው። ሰውዬው በጭንቀት ከሳ።

በዚያው ሰሞን ላሞቻችንን የሚፈጅ ድብ መጣ። ስሙን ለአንዴ ጠራሁት፤ ከእንግዲህ ማርእጅ ነው የምለው፣ ስሙን ሲጠሩት ሰምቶ ይመጣላ! ካይፓ ጦሩን ይዞ ብቻውን ጫካ ገባ። ከቀትር በኋላ መጥቶ ጠራን፤ የሞተውን ማርእጅ በፈረስ ጎትተን አመጣን።

እኛ ዘንድ ማርእጅ ሲሞት የክብር እንግዳ ነው። የራስ ቅሉ ከገበታው ራስ ይቀመጣል፤ ጠላ ይቀዳለታል። ዘመዶቹ እንዳይበቀሉን አዳኙ ፊቱ ቆሞ «እኔ አልገደልኩዎትም» ይለዋል። ውሸት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

በግብዣው ላይ ካይፓ ተነሳ። «ጌታዬ፣ እኔ አልገደልኩዎትም። ከዛፍ አዳልጦዎት ነው የወደቁት።»

«አበጀህ!» አልን።

እሱ ግን አልተቀመጠም፤ ወደ እኛ ዞረ። «የምሬን ነው! ጦሬን ጥዬ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቄ ነበር። እሳቸው ማር ሊበሉ ዛፍ ላይ ወጡ፣ ቅርንጫፉ ተሰበረ፣ በአንገታቸው ወደቁ። እንኳን ልወጋቸው፣ ትንፋሼንም አላሰማሁ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። «እንዲህ አሳምሮ የዋሸ አዳኝ አላየንም!» አሉ ሽማግሌዎቹ። በማለ ቁጥር ጠላ ይጨምሩለታል። ሌምፒም እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

«ሌምፒ፣ አንቺ እንኳ እመኚኝ እንጂ!»

«በቃ፣ ወጉን አድርሰሃል» አለችው ዓይኗን እየጠረገች። «አሁን እውነቱን ንገረኝ። ገደልከው?»

አዎ ቢላት ሚስትም ዝናም በአንድ ቃል የእሱ ናቸው፤ የሚያጋልጠውም የለም። እኔም ለዘፈኔ ጆሮዬን አቀናሁ። እሱ አንዴ የራስ ቅሉን፣ አንዴ ሌምፒን አየ። አሳዘነኝ።

«አልገደልኩትም» አለ በመጨረሻ፣ መሬት መሬቱን እያየ። «ሽንቴም አምልጦኛል።»

ማንም አልሳቀም። እንዲህ ያለውን ነገር ጉረኛ አይፈጥረውም።

ሌምፒ ተነስታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«በል ሱሪህን አምጣ፣ ላጥብልህ» አለችው።