ከመርዶ የሸሸችው ሀጀራ

መርዶ ጎህ ሲቀድ ነው የሚመጣ። ይኼን ከሀጀራ በላይ የሚያውቅ የለም። አምና በጦርነቱ የወንድሟን የጠሃን ሞት ሊያረዷት የሐይቅ ሽማግሌዎች በሯን ያንኳኩት ገና ወፍ ሳይንጫጫ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማለዳ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ባየች ቁጥር መንገድ ቀይራ ትሸሻለች።

አሁን ደግሞ ባሏ ባድሩ ሳንባው ደክሞ፣ ደሴ ካለ ሆስፒታል ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከገባ ዘጠኝ ቀኑ ነው። ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ አለ፤ በመድኃኒት አስተኝተውት የሚተነፍሰው በማሽን ነው። ትናንት ጥሩሰው የምትባል ነርስ፣ የአምባሰል ልጅ፣ ኮሪደሩ ላይ መጥታ ከሀጀራ ጎን ተቀመጠች።

«ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ አድርገዋል፣ እቴ። የኔ ሥራ ስቃዩንና ጭንቀቱን ማቅለል ነው። ባድሩ ምን ይፈራ ነበር?»

«ሸሃዳ ሳይዝ፣ የእምነቱን ቃል ሳይል መሞትን» አለች ሀጀራ ሳታስበው። «ተኩሱን ሸሽተን ጫካ ያደርን ጊዜ፣ ‹ስሞት ቃሉን በጆሮዬ አንቺ በይልኝ› ብሎ ቃል አስገብቶኛል።»

ተናግራ ሳትጨርስ ጸጸታት። ምን አስለፈለፈኝ! ሞቱን በአፌ ጠራሁት!

ሲነጋጋ ዓይኗን ብትገልጥ፣ ጥሩሰው በኮሪደሩ ትመጣለች። አጠገቧ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሸህ ሀሚዱ፣ የሐይቁ ጎረቤቷ፣ ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው። ያ አላህ! ሀጀራ ጫማዋን እንኳ በቅጡ ሳታጠልቅ በኋላ በር ወጥታ በረረች። ካልነገሩኝ አልሞተም ትላለች በሆዷ። አይ የሰው ነገር!

የሐይቅ ሚኒባስ ውስጥ ገብታ እንደተቀመጠች ስልኳ ጮኸ። ዝም አለችው። ደግሞ ጮኸ። ከጎኗ የተቀመጡት የሰፈሯ ሰው እትየ ኡሙሀኒ አላስችል አላቸውና ከእጇ ነጥቀው አነሱት።

«ጥሩሰው ነኝ ትላለች። ባልሽ ነቅቷል፣ በዓይኑ ይፈልግሻል። ቃሉን እንድትይለት ብለው የሚያስተኛውን መድኃኒት ቀንሰውለታል፤ ብዙ ግን አይችለውም፣ ይጨንቀዋል።»

«ሸሁስ? ሸሁ ለምን መጡ?»

«ብቻሽን እንዳትሆኝ ብዬ ጠራኋቸው እንጂ ለሌላ አይደለም ትላለች።»

«ወራጅ!» ሀጀራ ጮኸች። «ወራጅ አለ!»

ወርዳ የተሳፈረችበት ባጃጅ ወደ ሆስፒታሉ ቢበርም ለሷ ተገተረባት። ብደርስ ባይኖርስ? ዓይኑ በር በሩን እያየ ቢሄድስ?

ስትገባ አልጋው ተዙሯል። ወደ ቂብላ! የሚሞት ሰው ነው እንዲህ ወደ መካ የሚዞር። የፈሩት ይደርሳል፤ እሪ ብላ በቁሟ ልትወድቅ ጥሩሰው ደገፈቻት።

«አብሽሪ፣ አብሽሪ! አልሄደም። ሸህ ሀሚዱ ናቸው አዙሩለት ያሉን።»

ባድሩ አያት። ሀጀራ ጎንበስ አለች፤ ቃሉን ልትለው ግን አልደፈረችም። ዘጠኝ ቀን ሙሉ መርዶ ነጋሪ ስትሸሽ ከርማ፣ ለካ መርዶ ነጋሪዋ እሷው ኖራለች! ይኼን ቃል በጆሮው ካለች፣ መሞቱን ለራሱ ማርዳቷ ነው።

ሸህ ሀሚዱ እሷን ተክተው ቃሉን ሊሉለት ጠጋ አሉ። ባድሩ ዓይኑን ወደ እሳቸው ላከና ወዲያው ወደ እሷ መለሰው። ዓይኑም ፈርቷል።

«አለሁ» አለች። ከንፈሯን ጆሮው ላይ አድርጋ፣ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» አለች።

ቱቦው አፉን ይዞታል። የቀኝ እጁ አመልካች ጣት፣ ሸሃዳ ሲባል የምትነሳዋ፣ ግን ከአንሶላው ላይ ቀስ ብላ ቀና አለች።