ያልጠፋው ቀለበት

ሰው በየዒዱ እየደወለ እንኳን አደረሰህ የሚለውን ወዳጁን ምን ቢበድለው ነው፣ ሊሞት ሲል «ይቅር እንዲለኝ አውፍ አስብሉልኝ» ብሎ የሚለምነው? ዘይቱና ይህን እያብሰለሰለች የሻይ ቴርሞሱን ክዳን ስታጠብቅ የበሩ ደወል ጮኸ።

ደጅ ላይ የቆመችው ፖርቱጋላዊቷ ጎረቤቷ ናት። ከኋላዋ አንገታቸውን የደፉ ወንዶችና ነጠላ ያጣፋች ሴት ተሰልፈዋል።

«አሁንም ያንቺ ናቸው» አለች በፈረንሳይኛ። «ሳሎኔ ገብተው እጃቸውን ዘርግተው ጸለዩ። ደስ ይል ነበር፤ አላቋረጥኳቸውም።»

ዘይቱና የምትኖርበት፣ ለ ሊኞን የተባለው የስዊስ ሕንፃ እንደ ባቡር የረዘመ ነው። መግቢያው ብዙ፣ በሩ ሁሉ አንድ ዓይነት። የዘይቱና አባት ዓብዱልሰመድ ካረፈ ጀምሮ ለቅሶ ደራሹ በር እየሳተ ፖርቱጋላዊቷ ቤት ይገባል። እሷም ለምዳዋለች፤ ጫማቸውን አስወልቃ፣ ብስኩት አቅምሳ ታመጣቸዋለች።

ሳሎኑ ውስጥ ሐጂ ዐብዱ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ትራም ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ የሰፈሩን ሐበሻ ዱዓ የሚመሩ ሽማግሌ ናቸው። በቀብሩ ዕለት እንደ ወጉ «ሟች ላይ ሐቅ ያለው ይናገር፣ ያለዚያም አውፍ ይበለው» ብለው ጠይቀው፣ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «አውፍ ብለናል» ብሎ ነበር። የቀረው አንድ ሰው ነው።

«ያ ፈረንጅ ዙሪክ ነው ያለው አላልሽኝም?» አሉ።

«እዚያው አጠገብ ኦፕፊኮን ነው፣ አረጋውያን መኖሪያ። ሄር ኔፍ ይባላል፤ አቶ ኔፍ እንደማለት ነው። አባዬ የመጨረሻ ቀን ስሙን ጠራልኝ እንጂ ምን እንደበደለው አልነገረኝም።»

«የሰባተኛው ቀን ሶደቃ ሳይደርስ ሂጂ፣ ልጄ። አባትሽ አማና ብሎ አደራ ሰጥቶሻል። ባሕር አቋርጪ አላልኩሽ፣ ባቡር አለ።»

«እኔም እሄዳለሁ» አለች ከጥግ አክስቷ ፋኢዛ፣ የዓብዱልሰመድ ታናሽ እህት። ለቅሶ ከሰማች ጀምሮ ቶኔ ሰፈር ወዳለው ቤቷ አልተመለሰችም።

«አክስቴ፣ ጉልበትሽስ?»

«ባቡሩን ልገፋው ነው እንዴ? እቀመጣለሁ። ይልቅ የባቡር ቢሌ ቁረጪልኝ።»

ባቡሩ ሐይቁን ዳር ዳሩን ይዞ ሲነጉድ ፋኢዛ ከለቅሶ ቤት የያዘችውን ሳምቡሳ አወጣች። በመስኮቱ ውሃውን አየችና ሳቋ መጣ።

«ምን ያስቅሻል?»

«አባትሽ። ሄር ኔፍ ማን እንደሆነ አሁን ገባኝ። ቀለበት የጠፋበት ሰውዬ ነው።»

ነገሩ የሆነው በንጉሡ ዘመን ነው። መንግሥት ያገሩን ውሃና ዓሣ፣ አውሬና ማዕድን ማወቅ ፈልጎ ባለሙያ በየአቅጣጫው የሚልክበት ጊዜ ነበር። ወሎ፣ አርዲቦ ሐይቅ የደረሰው ፂሙ በቅጡ ያላደገ የስዊስ ወጣት ነው፤ ጫፉ ላይ የእርሳስ ብረት የታሰረበት ረጅም የጥልቀት መለኪያ ገመድ፣ ዓሣ የሚያኖርበት ጠርሙስና የማያልቅ ጥያቄ ይዟል። አስተርጓሚው ደሴ እንግሊዝኛ የተማረው ዓብዱልሰመድ ነበር፤ የሚያስተረጉመውም ለገዛ አገሩ ሰው ነው።

አገሬው ግን አፉን ዘጋ። ውሃ የለካ መንግሥት ነገ መሬት ይለካል፤ መሬት ከተለካ ግብር ይመጣል።

«ምንጭ የት ነው?» ይላል ፈረንጁ።

«እንጃ» ይላሉ፣ እንስራቸው እየተንጠባጠበ።

«ዓሣ አለ?»

«ዓሣ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ መረብ ትከሻው ላይ የጣለ ሰው።

«ምን አሉ?» ሲለው፣ ዓብዱልሰመድ «እያሰቡ ነው» ይለዋል።

እንዲህ ሰነበቱ። አንድ ጠዋት ፈረንጁ ገመዱን እየለቀቀ ውሃው ላይ ሲያጎነብስ፣ ልብስ የምታጥብ ሴት ቀና ብላ «ይሄ ልጅ ምን ጠፍቶት ነው?» አለች። ዓብዱልሰመድ ከየት እንዳመጣው አያውቅም።

«ቀለበት» አላት። «የኒካሕ ቀለበቱ።»

እኩለ ቀን ሳይሆን ዳርቻው በሰው ሞላ። ባለ ታንኳዎቹ ይጣሉ ጀመር፤ አንዱ ገደሉ በዚህ ነው ሲል፣ ሌላው የአያቱ በሬ የሰመጠበትን ቦታ ካልለካችሁልኝ ይላል። ዋናተኞች እየጠለቁ ጭቃውና አሸዋው የት የት እንደሆነ ይናገራሉ። ምንጮቹ ሁሉ ታወቁ፤ ምናልባት ቀለበቱን ጎርፍ ወስዶት ይሆናል ተብሎ። ሴቶች ወተት ይዘው መጥተው የፈረንጁን እጅ እየዳበሱ «አይዞህ» ይሉታል። እሱ ከጆሮ እስከ ጆሮ እየሳቀ ይጽፋል።

«እኔም ፈልጌያለሁ» አለች ፋኢዛ። «ትንሽ ልጅ ነበርኩ። ቀሚሴን ቋጥሬ እስከ ጉልበቴ ገብቼ።»

«እና አባዬ ኃጢአት ያለው ይህን ነው?»

«ወንድሜ ውሸት አይሆንለትም ነበር። አንዲት ዋሸ፤ እሷን ይዞ አረጀ።»

ሄር ኔፍ ኮት ለብሶ፣ ክራቫት አስሮ በሩ ላይ ጠበቃቸው። ጠረጴዛው ላይ ፖም በሥርዓት ተቆርጦ ተደርድሯል። የዓብዱልሰመድን ሞት ዘይቱና ቀድማ በስልክ ነግራዋለች፤ እጇን ይዞ ብዙ ቆየና በአማርኛ «አይዞሽ» አላት። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ ስለ ዘመድ እንደሚጠይቅ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሐይቁ ደህና ነው?» አለ።

ፋኢዛ ሲተረጎምላት «ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሃል በይው» አለች።

ሽማግሌው ሳቀ። ከጣሪያው በላይ አውሮፕላን እያጓራ ሲወርድ አፉን ዘግቶ ጠበቀ፤ ካለፈ በኋላ ወሬውን ቀጠለ።

«ከዚያ በኋላ ብዙ ሐይቅ ለክቻለሁ። ሰሜን አገሮች፣ ተራራ ላይ፣ የትም። ሰው ዳር ቆሞ ያያል፣ ወይም ያባርርሃል። አብሮኝ ውሃ ውስጥ የገባው የአርዲቦ ሰው ብቻ ነው። እናቶች እጄን ይዘው አይዞህ ይሉኝ ነበር። እኔ ምንም አልጎደለኝም፤ ለምን አይዞህ ይሉኛል? ብዙ አሰብኩበት። በመጨረሻ ሰው ያለ ምክንያት ደግ ሊሆን ይችላል አልኩና በዚያ እምነት ኖርኩ። በክፉ ቀን ሁሉ ይህቺን ትዝታ አወጣና አያታለሁ።»

ዘይቱና ያዘጋጀችውን ንግግር ትታ አንድ ቁራጭ ፖም አነሣች። እውነቱን ካልነገረችው የአባቷ አውፍ ጎደሎ ነው። ከነገረችው ደግሞ ይህ ሰው የኖረበትን ትወስድበታለች።

«ምን አለ?» አለች ፋኢዛ።

«አገራችንን ይወዳል።»

«ታዲያ ስለ ቀለበቱ በይው እንጂ።»

«አክስትሽ ምን አለች?» አለ ሄር ኔፍ።

«ፖሙ ይጣፍጣል አለች።»

ወዲያው ፊቷ ሞቀ። አባቷ ታንኳው ላይ በሁለት ሰው መካከል ሲቀመጥ እንዲህ ነበር ማለት ነው።

«ሄር ኔፍ» አለች ቀስ ብላ፣ «በእኛ ዘንድ ሟች የበደለው ሰው ይቅር እንዲለው ይጠየቃል። አባቴ የእርስዎን ስም ጠርቶ ነው የሞተው። ሲያስተረጉም ያበላሸው ነገር ነበር።»

«አበላሽቶ ነው እንደዚያ ያማረው?» አለና ሳቀ። «ይቅር ብዬዋለሁ። ሁሉንም።»

ፋኢዛ ይህኛው ሳይተረጎምላት ገባት፤ ግን በእንግሊዝኛ አልበቃትም። «አውፍ ብያለሁ» የሚለውን ቃል በቃል አስጠናችው፤ ሦስት ጊዜም አስባለችው። ሦስተኛውን ጥርት አድርጎ ሲለው ሁለቱ አሮጊትና ሽማግሌ እንደ ተማሪ አጨበጨቡ።

በመልሱ ባቡር ፋኢዛ ወደ ዘይቱና ዞረችና «ፖም አልኩሽ እንዴ?» አለች።

«ማን ነገረሽ?»

«‹አፕል› የምትለዋን አውቃታለሁ። ለምን አልነገርሽውም?»

«ሰዎቹ የወደዱኝ ያለ ምክንያት ነው ብሎ ያምናላ። የጠፋ ቀለበት ለመፈለግ እንጂ ለአንተ ብለው አይደለም የመጡት ልበለው?»

ፋኢዛ መሐረቧን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ፊት ለፊት ጋዜጣ የሚያነበው ሰውዬ ቀና እስኪል።

«አንቺ ልጅ፣ ቀለበት እንዳልነበረው እኮ አገር ያውቃል። ፀሐይ ያቀላው እጅ ነው፤ ቀለበት ቢያወልቅ ጣቱ ላይ ነጭ ክብ ይቀር የለም? እናቴ በመጀመሪያው ቀን ነው ያየችው። ማታ ቤት ገብታ ሆዷን ይዛ ሳቀች።»

«ታዲያ ለምን ፈለጋችሁ?»

«ውሃችንን ለመንግሥት አሳየን ከማለት ለእንግዳ ቀለበት ፈለግን ማለት አይሻልም? ጭቃ ሹሙ ቢጠይቅ መልስ አለን። ደግሞ ልጁ ደስ ይል ነበር። ውሃውን ሲያይ እንደ ሙሽራ ነው። ልንረዳው ፈልገን ሰበብ አጥተን ነበር፤ ወንድሜ ሰበቡን አመጣልን።»

«አባዬ ይህን ያውቅ ነበር?»

«ማን ይነግረዋል? ብልጥ ነኝ ብሎ ደረቱን ነፍቶ ሲሄድ ደስታውን አናበላሽም አልን። ከዚያ ተረሳ። እንደሚጨነቅበትማ ለእኔም ትንፍሽ አላለ።»

ዘይቱና ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ዕንባዋ መጣ፤ አባቷ ከሞተ ወዲህ ሁለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው መጡ። ፋኢዛ የተረፈችውን ሳምቡሳ እጇ ላይ አኖረችላት።

በሶደቃው ቀን ቤቱ ሞላ። ፖርቱጋላዊቷ ጎረቤትም ሻርፕ አድርጋ፣ እንደ ዘመድ በር ላይ ቆማ እንግዳ ታስገባለች። ፋኢዛ የቀለበቱን ታሪክ ስታወራ በመጀመሪያ ሴቶቹ አፋቸውን ሸፈኑ፤ የአያቱ በሬ ላይ ስትደርስ ወንዶቹም አልቻሉም። «ለቅሶ ቤት ነው እኮ» ያሉት ሐጂ ዐብዱ ራሳቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ ነበር።

ዱዓው አልቆ ሰው ሲነሣ ሐጂው ዘይቱናን ጠሯት።

«ለሰውዬው ነግረሽዋል?»

«በደፈናው ነው የጠየቅኩት፣ ሐጂ። አውፍ ብያለሁ ብሏል፤ ሦስት ጊዜ።»

«አላህ ይቀበለው። ግን ሳያውቅ አውፍ ያለ ሰው፣ ሳይቀምስ ወጡን እንዳመሰገነ ነው። ምስጋናው ምስጋና ነው፤ ጨው ይጎድለዋል።»

ዘይቱና ወደ ኩሽና ገባችና ስልኳን አወጣች። ጽፋ ደመሰሰች፣ እንደገና ጻፈች። በመጨረሻ የላከችው እንዲህ ይል ነበር፦

«ሄር ኔፍ፣ አባቴ የኒካሕ ቀለበትዎ ሐይቅ ውስጥ ጠፋ ብሎ ለአርዲቦ ሰዎች ዋሽቷቸው ነበር። አውፍ የጠየቀው ለዚህ ነው። እሱ ያላወቀው ነገር ግን አለ፤ ሰዎቹ ውሸቱን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቁ ነበር። አውቀው ነው ውሃ ውስጥ የገቡት። ለእርስዎ ብለው ነው። አክስቴ ከእነሱ አንዷ ነበረች። ይህን ካወቁም በኋላ አውፍ ይላሉ?»

መልእክቱ ሄደ። መልስ በዚያ ቀን አልመጣም፤ ከዚያም በኋላ አልመጣም። ዘይቱና ግን ይህን ገና አታውቅም። ሳሎን የሚሳቀው እየተሰማት፣ ስልኩን ከሳህን መደርደሪያው ላይ አቁማ፣ መልስ ቢመጣ የምታነሣበትን ቀኝ እጇን ውሃ ሳታስነካ፣ የለቀስተኛውን ብርጭቆ ሁሉ በግራዋ ብቻ ታጥብ ነበር።