የግራዝማች በላቸው ማኅተም

አንባቢ ሆይ፥ የሰው ልጅ ከሚፈጽማቸው በደሎች ሁሉ ለይቶ ለማወቅ እጅግ የሚያስቸግረው ከፍቅር የተወለደው በደል ነው፤ በጥላቻ የበደለ ሰው ምን እንደ ሠራ ያውቃልና፥ በፍቅር የበደለው ግን ምስጋና እየጠበቀ ይኖራል። የሙታን ደራስያን ሥራ እንደ አዲስ በሚታተምበት በዚህ ዘመንም መልካም አሳቢና ቀናዒ አሳታሚ የተረሳ መጽሐፍ ከአቧራ ያነሣል፥ ይወለውላል፥ በስሙም ይኮራል፤ የማን እንደ ሆነ መጠየቅን ግን መንገድ ላይ ጃንጥላ አግኝቶ እየዘረጋ እንደሚሄድ ሰው ይዘነጋዋል።

ከአራት ኪሎ ጀርባ በአንዲት ጠባብ ክፍል ታናሽ ማተሚያ ቤት የነበረው ልሣነወርቅ፥ ትሑተ ኑሮና ልዑለ ምኞት፥ ከዚህ ወገን ነበረ። በልጅነቱ ከሒሳብ ደብተሩ ሥር ደብቆ ያነበባቸውን፥ በርካሽ ወረቀት የታተሙትን የወንጀል ልብ ወለዶች ዳግመኛ ለማሳተም ምሎ ነበር፤ ከሁሉም አብልጦ የሚወደው «የሰባተኛው ፎቅ ገዳይ» የተባለውን፥ «መብረቁ» በሚል የብዕር ስም የወጣውን ነው። ስለ ደራሲው ሁለት ሦስት የአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎችን ጠየቀ፤ የሚያውቀው ጠፋ፤ እርሱም ሞቶ ይሆናል፥ ወራሽም አይኖረውም ብሎ ለራሱ ፈረደ። በዚያ ዘመን ደራሲ እያንዳንዱን ቅጂ በመጨረሻው ገጽ ላይ በገዛ እጁ በማኅተሙ ይመታ፥ ከሥሩም «ይህ ማኅተም የሌለበት መጽሐፍ የተሰረቀ ነው» ብሎ ያስጠነቅቅ ነበር። ልሣነወርቅ መጽሐፉን ገጽ በገጽ በስካነር ሲያነሣ ሐምራዊዋን ማኅተም ባየ ጊዜ ደስታው ወሰን አጣ፤ የደበዘዘ ጠርዟን በኮምፒዩተር አጥርቶ፥ ቀለሟን መልሶ፥ በአንድ ሺህ ቅጂ ላይ አወጣት። አክብሮት ያሳየ መስሎት ሐሰተኛ ማኅተም ሠራ፤ ይህንንም፥ ምስኪን፥ አላወቀም።

በሁለተኛው ወር ጥቁር የለበሱ አረጋዊት መጽሐፉን ይዘው ገቡ፤ ወይዘሮ ዐጸደ ይባላሉ። መጨረሻውን ገጽ ገልጠው፥ «ልጄ፥ ይህን ማኅተም ማን ሰጠህ?» አሉ። እርሱም ሙገሳ የመጣለት መስሎት፥ «ማንም አልሰጠኝም እማማ፤ ከአሮጌው መጽሐፍ ላይ እንደ ነበረ ነው ያነሣሁት» አለ። ወይዘሮዋም ነገሩን አንድ በአንድ ነገሩት። «መብረቁ» ባለቤታቸው ግራዝማች በላቸው ነበሩ፤ በስተርጅና በመጽሐፉ ውስጥ ባፈሰሱት ደም ተጸጽተው ዳግም እንዳይታተም ከለከሉ፤ ከአራት ዓመት በፊት ሲያርፉም ማኅተሙን ለሚስታቸው ሰጥተው ወረቀት እንዳያስነኩት አስማሏቸው። «እንግዲህ የግራዝማች ልጆች፥ ከፊተኛዋ ሚስት የወለዷቸው፥ ይህንን አዩ። ማኅተሙ ያለው እኔ ዘንድ ብቻ ነው። የአባታችንን ቃል በላሽ አሉኝ። ሌላ ነገር አልፈልግብህም፥ መጥተህ እውነቱን ንገርልኝ።» ልሣነወርቅ እመጣለሁ ብሎ እጃቸውን ስሞ ሸኛቸው።

ከመሄዱ አስቀድሞ ግን ወዳጁ የሆነ አንድ ጠበቃን አማከረ። ጠበቃውም፥ «ደራሲው ካረፈ ኀምሳ ዓመት እስኪሞላ መብቱ የወራሾቹ ነው፤ ሄደህ ከተናዘዝህ በገዛ አፍህ አለቀልህ፥ መጽሐፉም ይወረሳል፥ ማተሚያ ቤትህም ይዘጋል። ነገር ግን ሴትዮዋም ወራሽ ናት፤ በቃል ፈቅዳልኛለች በል። ማኅተሙ ራሱ ይመሰክርልሃል» አለው። ልሣነወርቅ ይህን ሲሰማ ተጸየፈ፤ እሺም አላለም፥ እንቢም አላለም። ሦስት ሳምንት አለፈ። ወይዘሮ ዐጸደ ሁለት ጊዜ ደወሉ፤ ስልኩ እፊቱ ሲጮኽ ቁጭ ብሎ አየው። ዐፈረ፤ ከማፈሩም ይልቅ ፈራ፤ ማተሚያ ቤቷ የዕድሜው ልፋት ነበረችና።

በአራተኛው ሳምንት ጠበቃው «ከወይዘሮ ዐጸደ በቃል ባገኘሁት ፈቃድ» የሚል ጽሑፍ አዘጋጅቶ ለፊርማ ላከለት። ልሣነወርቅ እንደ ልማዱ ስሕተት ሊያርም ብዕሩን አነሣ፤ አንዲት ፊደል አልጎደለችም፥ ነገሩ ሁሉ ግን ውሸት ነበረ። ወረቀቱን ቀደደው። በእሑድ ቀን የግራዝማች ልጆች በወይዘሮ ዐጸደ ቤት በተሰበሰቡበት ገብቶ አምስት ቅጂዎች ጎን ለጎን ዘረጋ። «በእጅ የሚመታ ማኅተም አንዴ ይዘምማል፥ አንዴ ይደበዝዛል» አለ፤ «ይህ ግን በአምስቱም ላይ በአንድ ቦታ፥ በአንድ ዝማሜ አርፏል። ያተመው ማሽን ነው። የሰረቅሁ እኔ ነኝ፤ እናታችሁ መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት አይተውኝም አያውቁ።» የበኩሩ ልጅ አሰግድ አምስቱንም መረመረ፤ ከዚያም፥ «ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበርህ?» ሲል ጠየቀው። ልሣነወርቅ አንገቱን ደፋ።

መጽሐፉ ከየመደብሩ ተሰብስቦ ለወራሾቹ እንዲመለስ በዚያው ተስማሙ፤ ልሣነወርቅም ያለ አንዳች ክርክር ፈረመ። አሰግድም ሠላሳ ዓመት «እማዬ» ወዳላቸው እንጀራ እናቱ ዘወር ብሎ፥ «ወይዘሮ ዐጸደ፥ እኛ አምነንዎታል፤ ለማንኛውም ግን ማኅተሙ ከእንግዲህ እኔ ዘንድ ይቀመጥ» አለ። ወይዘሮዋም ወደ ጓዳ ገብተው ማኅተሙን አምጥተው በመዳፉ ላይ አኖሩለት፤ ከዚያም ወትሮ ከሚቀመጡበት ወንበር አልፈው እበሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ቁጭ አሉ። ልሣነወርቅ ይህን አይቶ በሰው ፊት አለቀሰ። የሙት ሰው ድርሰት በፍርድ ለወራሾቹ ይመለሳል፤ በሕያዋን መካከል የፈረሰውን መተማመን የሚያስመልስ ዳኛ ግን እስከ ዛሬ በየትኛውም ችሎት አልተሰየመም።