በጥርስ ሳሙና የታጠቡት ብሬከሮች

አክስቴ አቧራ ጠላቷ ነው። ሌላ ሰው ጠላቱን ሲያይ ፊቱን ያዞራል፤ እሷ ጨርቅ ታነሳለች። አሮጌ የኤሌክትሪክ ዕቃ እየሸጡ አቧራ መጥላት ደግሞ ዓሣ እየሸጡ ሽታ እንደመጥላት ነው። ግን ማን ደፍሮ ይነግራታል?

ሱቃችን በጫማ ሰፊውና በቁልፍ ቀራጩ መሃል የተሸጎጠች ናት። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ይገበያያል። የተዘጋ ፋብሪካ ወይም የሚፈርስ ቤት ሲገኝ እንሄድና ብሬከሮቹን ከግድግዳው በካቻቢቴ ፈትተን እናመጣለን፤ አንድ በአንድ ፈትነን እንሸጣለን። ብሬከር ያው መስመሩ ላይ ጭነት ሲበዛ ወይ ሽቦ ከሽቦ ሲነካካ ቋ ብሎ ወርዶ መብራቱን የሚያጠፋው ነው። ሰፈሩ እኔን «ኮንታክት» ነው የሚለኝ። ምንም ሳይነካኝ ብልጭ እላለሁ አሉ። ውሸታቸውን ነው፤ ሳይነኩኝ ብልጭ ብዬ አላውቅም።

ያኔ ተስፋችን ሁሉ ያረፈው ከተዘጋ የክር ፋብሪካ ባወጣናቸው ብሬከሮች ላይ ነበር። ጥቁር፣ ድልብ ያሉ፣ ሲያነሷቸው ክንድ የሚጎትቱ። አክስቴ ያላትን አራግፋ ነው የገዛቻቸው። «እነዚህ ካልተሸጡ ቁልፉን ለጫማ ሰፊው አስረክባለሁ፤ መጋዘን ያድርጋት» አለችኝ። እኔስ? እኔ የአጎቴ ሚስት ዘንድ ልብስ አጣቢ ሆኜ ልገባ። ሴትዮዋ ካልሲ እንኳ ተተኩሶ ካልሆነ አታደርግም። ከትምህርት ቤት ጋር አራተኛ ክፍል ላይ ነው የተጣላነው፤ ከዚህች ሱቅ ጋር ግን የመጣላት ሐሳብ የለኝም።

ደግነቱ ገዢ ተገኘ። የእንጨት ሥራ ቤት መስመር የሚዘረጋ ኤሌክትሪሻን ነው። ለመጋዙና ለመላጊያው ሞተሮች አሮጌ ኦሪጅናል ብሬከር ይፈልጋል፤ ሁሉንም አይቶ ሊወስድ በማግስቱ ጠዋት ቀጠረን።

በማግስቱ ሱቅ ስደርስ ብሬከሮቹ መደርደሪያው ላይ እንደ ሙሽራ ጥርስ ያበራሉ። አክስቴ አጠገባቸው ቆማለች፤ ባንድ እጇ የጥርስ ቡሩሽ፣ በሌላው የተጨመቀ የጥርስ ሳሙና።

«አክስቴ! ምን አደረግሻቸው?»

«ምን አደረግኩ? ሰው አስመሰልኳቸው!»

«ውሃ አስነካሻቸው?»

«አብደሻል? ጠብታ አላስነካሁም። በሳሙናው ፈተግ፣ በደረቅ ጨርቅ ጠረግ። አርባ ዓመት የተከመረ እድፍ እኮ ነው፣ እቴ!»

አሮጌ ብሬከር ምስክሩ እድፉ ነው። ገበያው አዲስ መሳይ ፎርጅድ ሞልቶታል፤ ገዢ ገልብጦ የሚያየው በብሎን ቀዳዳው ውስጥ ያለውን አቧራ ነው። አሮጌ ሆኖ ካበራ ደግሞ ጎርፍ ከገባበት መጋዘን ወጥቶ የታጠበ ነው ብሎ ይጠረጥራል። አክስቴ ይህን ከኔ በላይ ታውቃለች። ቡሩሽ ስትይዝ ግን የምታውቀው ሁሉ ይጠፋባታል።

ገና አፌን ሳልከፍት «እንደምን አደራችሁ» የሚል ድምፅ ከደጅ መጣ። ኤሌክትሪሻኑ አይደለም። ጋሽ ሚዛን ነው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ሚዛንና መዶሻ ይዞ የሚዞር ቁርጥራጭ ገዢ ነው። ብሬከር በኪሎ ይገዛና ሰባብሮ በውስጡ ያለችውን መብራት የምታስተላልፍ የብር ነጥብና መዳቡን ይለቅማል። እሱ ሲመጣ ሬሳ ሳጥን ሻጭ በሽተኛ ሊጠይቅ የመጣ ይመስለኛል።

«ካልተሸጠላችሁ እኔ አለሁ፣ እትዬ» አለና ደጃፉ ላይ ተቀመጠ።

ኤሌክትሪሻኑ ወዲያው ደረሰ። አንዱን አነሳ፤ ገለበጠ፤ አፍንጫውን አስጠጋና አሸተተ።

«ይሄ ብሬከር ጥርሱን ፍቋል እንዴ?»

ጋሽ ሚዛን በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። አክስቴ መሬት መሬት አየች። ያን የተደፋ አንገቷን ሳይ አላስቻለኝም።

«እኔ ነኝ ያጸዳኋቸው፣ ጋሼ» አልኩ። «ልጅነቴ ነው። ይፈትኗቸው።»

በመፈተኛችን አንዱን ለፈተና ካስቀመጥነው የኤሌክትሪክ ምድጃ ጋር አገናኝቼ ጭነት አበዛሁበት። ጥቂት ቆየና ቋ! ወረደ። ኤሌክትሪሻኑ ግን ራሱን ነቀነቀ።

«ዛሬ ቢወርድ ምን ያደርግልኛል? ውሃ የጠጣ ብሬከርም እኮ ለጥቂት ቀን ይሠራል። አንድ ቀን ሳይወርድ ቀርቶ ያን ሁሉ እንጨት ከነሰዎቹ ቢያነደው ማን ሊጠየቅ ነው? ይቅርታ፣ እህቴ» አለና ወደ በሩ ዞረ።

ጋሽ ሚዛን ሚዛኑን ወደ ውስጥ ገፋ አደረገ።

ብልጭ አልኩ። በሩ ላይ ቆምኩ። በር ስል በር እንዳይመስላችሁ፤ እኔ ከቆምኩ አየርም አያልፍም።

«ጋሼ፣ ውስጡን ቢያዩት ያምናሉ?»

«በሪቬት፣ በማይፈታ ምስማር፣ የተዘጋ ነው። ከተከፈተ አበቃለት፤ ተመልሶ አይገጠምም።»

«አውቃለሁ። እርስዎ ይምረጡ፣ እኔ ልክፈት። መርጣ ከፈተች እንዳይሉኝ።»

«አንቺ ልጅ!» አለች አክስቴ።

ሰውዬው መደርደሪያውን አየና ጣቱን ቀሰረ። ምን ያደርጋል፣ ትልቁን! ከሁሉም ውዱን። አክስቴ ምጥ እንደያዛት ሴት አቃሰተች።

«ጋሽ ሚዛን፣ መዶሻዎን ያውሱኝ።»

«ለምን?»

«ሥራ ፈቶ ተቀምጧል፤ ላሠራው።»

አጉረመረመና ሰጠኝ። ብሬከሩን መሬት ላይ አጋደምኩ። አንዲት ጠብታ ውሃ ገብታ ከሆነ፣ መደርደሪያ ሙሉ ብሬከራችን ለጋሽ ሚዛን በኪሎ ሊሸጥ ነው። ግን አክስቴ ጠብታ አላስነካሁም ብላለች። አክስቴ ብዙ ነገር ናት፤ ቀጣፊ ግን አይደለችም።

መታሁት። ሪቬቶቹ አንድ በአንድ ተነቀሉ። ፊቱን በካቻቢቴ ፈልቅቄ ገለጥኩት።

ውስጡ ጥጥ ነው። እውነቴን ነው! የፋብሪካው የክር ብናኝ ለዓመታት በስንጥቁ እየሾለከ ገብቶ፣ ማዕዘን ማዕዘኑን እንደ ወፍ ጎጆ ሞልቶታል። ለስላሳ፣ ግራጫ፣ ደረቅ። ስፕሪንጉ ላይ ዝገት የለም። የብር ነጥቦቹ ትንሽ ጥላሸት ለብሰው በቦታቸው ተቀምጠዋል።

ኤሌክትሪሻኑ ቁጢጥ አለ። ብናኙን በጣቱ ቆንጥሮ አሻሸው፤ እፍ ሲለው በነነ።

«ውሃ ቢነካው ኖሮ ተጋግሮ ይደርቅ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ይሄን ደግሞ የትኛው ፎርጅድ ሠሪ ይጎዘጉዘዋል?»

«ከምን ፋብሪካ እንደመጣ እንኳ አልጠየቁንም፤ ብሬከሩ ራሱ ነገረዎት» አልኩት።

«ለምላስሽ ብሬከር የሚገጥምለት ሰው ጠፋ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ወደ አክስቴ ዞረ። «ሌሎቹን በሙሉ እወስዳለሁ፣ እህቴ። ግን እያንዳንዱን ሥራ ቤቱ ድረስ መጥታ እፊቴ የምትፈትነው ይቺው ናት። የትልቁንም አምሳያ ፈልጉልኝ።»

«ዛሬውኑ ፍለጋ እወጣለሁ» አልኩ። «ፋብሪካው ደረጃ ሥር ያልተፈታ የብሬከር ሳጥን አይቻለሁ።»

ጋሽ ሚዛን የተሰበረውን አንስቶ ሚዛኑ ላይ ሊያስቀምጥ ሲል ከእጁ ነጠቅኩት። «ይሄ አይሸጥም!» መደርደሪያው ፊት ለፊት፣ ገዢ ሁሉ እንዲያየው፣ ከነጥጡ ክፍቱን አስቀመጥኩት።

ሰዎቹ ሲሄዱ አክስቴ ቁልፉን ከመቀነቷ ፈትታ አየችውና መልሳ አሰረችው።

«እኔ ነኝ ያልሽው ለምንድን ነው?»

«አንቺ ካፈርሽ ማን ዋጋ ይከራከራል?»

ፈገግ አለች። ወዲያው ግን ዓይኗ ወደተከፈተው ብሬከር ሄደ። ወደዚያ ግራጫ ብናኝ። እጇ ቀስ እያለ ወደ ጨርቁ ተዘረጋ።

«አክስቴ!»

«ዳሩን ብቻ…»

«ጨርቁን አስቀምጪ!»

ካቻቢቴዬን ይዤ ወደ ፋብሪካው ወጣሁ። ጨርቁንም ይዤው ነው የሄድኩት።